የባንክ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል?

በዚህ እትም «የሥራ ዓለም» አምዳችን ስለ ባንክ ሠራተኛ እንማራለን። እኔ የባንክ ሠራተኛ ማለት ብር የሚቆጥር ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አክስቴ ባንክ ስለምትሠራ እሁድ ዕለት ደብተሬን ይዤ ሄጄ ጠየቅኋት። «ብሩንማ ማሽን ይቆጥረዋል» ብላ ሳቀችብኝ።

በመጀመሪያ ስለ ባንክ ትንሽ እንወቅ። በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ነው። (ዛሬ በዚህ ስም የምናውቀው ባንክ ሌላ ነው፤ ስማቸው ነው የሚመሳሰለው።) ባንክ ሰው ያስቀመጠውን ብር ሁሉ ካዝና ውስጥ ቆልፎ አይተወውም። ከፊሉን ለነጋዴ፣ ቤት ለሚሠራ፣ ፋብሪካ ለሚያቋቁም ያበድራል። ተበዳሪው ወለድ ይከፍላል፤ ባንኩም ከዚያ ላይ ለቆጣቢው ያካፍላል። የቀረው ለደመወዝ፣ ለሌላ ወጪና ለትርፍ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድ ቢያንስ 7 በመቶ እንዲሆን ወስኖ ነበር። በዚህ ሂሳብ 1,000 ብር ዓመት ሙሉ ሳይነካ ቢቀመጥ 70 ብር ይወልዳል ማለት ነው። ወለድ የማይፈልግ ሰው ደግሞ ከወለድ ነፃ ሂሳብ መክፈት ይችላል።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። ሥራ የጀመረችው በቴለርነት ነው። ቴለር መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ብር የሚቀበልና የሚከፍል ሠራተኛ ነው። ጠዋት ብር ቆጥሮ ፈርሞ ይረከባል፤ ማታ ሂሳብ ይዘጋል። የገባው፣ የወጣውና እጁ ላይ የቀረው ብር እኩል ካልመጣ ወደ ቤት መሄድ የለም! የጎደለ ከሆነ «ሾርቴጅ» ይሉታል፤ የሚከፍለውም ራሱ ቴለሩ ነው። አክስቴ በተቀጠረች በሁለተኛው ወር 3,000 ብር ጎደለባት። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢፈለግ ጠፋ። ከደመወዟ በሦስት ወር ተቆርጦ ተከፈለ። «ለማን አብልጬ እንደሰጠሁ እስከ ዛሬ አላውቅም» አለችኝ። ባንክ ውስጥ «ከመስኮቱ ሳይርቁ ገንዘብዎን ይቁጠሩ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ለእኛ ብቻ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለእነሱም ነው።

አሁን የደንበኞች አገልግሎት ላይ ናት። ሂሳብ ትከፍታለች፣ የኤቲኤም ካርድ ትሰጣለች፣ መጻፍ ለማይችል ሰው ቅጽ ትሞላለች፣ መፈረም የማይችለውን በአውራ ጣቱ ታስፈርማለች። ይሄ ቀላል ነው አይደል? ከባዱን ስጠይቃት ግን ይህን ነገረችኝ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ጆሯቸው ላይ አድርገው መጡ። 15,000 ብር መላክ ፈልገዋል። ብሩ ልጃቸው ከአረብ አገር የላከችላቸው ነው።

«እማማ፣ ለማን ነው የሚልኩት?» አለቻቸው።

«ለዘመዴ ነው።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

እናትየው ዞር ብለው ስልኩን «ስምህ ማን ነበር ልጄ?» ብለው ጠየቁት። አክስቴ ያኔ ገባት። ሰውየው «ሎተሪ ደርሶዎታል፤ መጀመሪያ ለማስጨረሻ ብር ይላኩ፤ ለማንም እንዳይናገሩ» ብሏቸው ኖሯል።

አክስቴ ሌባ መሆኑን ስትነግራቸው ተቆጡ። «የራሴን ብር ልትከለክይኝ ነው?» ሲሉ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። እውነታቸውን ነው፤ ብሩ የራሳቸው ነው። አክስቴ ማድረግ የምትችለው መጠየቅ፣ ማስረዳትና ለሥራ አስኪያጁ መንገር ነው። ወንበር ሰጠቻቸው፣ ውሃ አመጣችላቸው፣ ለልጃቸው እንዲደውሉ ለመነቻቸው። ልጅቷ አላነሳችም። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ስልኩን ተቀብሎ «ሃሎ» ሲል ግን ሰውየው ዘጋው። እናትየው ብሩን ሳይልኩ እያጉረመረሙ ወጡ።

«አመሰገኑሽ?» አልኳት።

«እንኳን ሊያመሰግኑኝ! ሁለት ወር ሙሉ እኔን ትተው ወደ ሌላ ሠራተኛ ነበር የሚሄዱት።»

አክስቴ ለወላጆቻችሁ እንድትነግሩልኝ ያለችው አንድ ነገር አለ። የባንክ ሠራተኛ የኤቲኤም ወይም የሞባይል ባንክ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም፤ ደውሎ የሚጠይቅ ሌባ ነው። የደንበኛን ሂሳብ ለሌላ ሰው መናገርም ክልክል ነው። እኔ ሞኙ «ጎረቤታችን ስንት ብር አላቸው?» ብዬ ነበር። ሳቋን አቁማ «ቡናሽን ጠጪ» አለችኝ።

ጥያቄ፦ አንድ ተማሪ 600 ብር በ7 በመቶ ወለድ ለ1 ዓመት ቢያስቀምጥ ስንት ብር ወለድ ያገኛል? መልሱን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ እስከ ዓርብ በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ አስገቡ። ስምና ክፍል መጻፍ አትርሱ!