ለቀድሞ ዘመን የቤት ኮምፒውተር የማጣቀሻ መጻሕፍት አመራረጥ

የትምህርቱ ዓላማ

የሰበካ ጉባኤያት ለወጣቶች የንባብና የሙያ ክፍል ሲያደራጁ ለዕቃው የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ለመጽሐፉም ሊያደርጉ ይገባል። መሣሪያ ያለ ትክክለኛ መጽሐፍ የተዘጋ ሣጥን ነውና። በዚህ ትምህርት ኮሞዶር 64 የተባለውን የቤት ኮምፒውተር ምሳሌ አድርገን፣ ፕሮግራም መጻፍ ለሚማር ሰው ማጣቀሻ መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥ እንመለከታለን።

፩. መጽሐፍ ለምን ያስፈልጋል?

ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ለገበያ ቀርቦ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የገዙት መሣሪያ ነው። የማኅደረ ትውስታው መጠን 64 ኪሎባይት ብቻ ነው። ሲበራ ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ወዲያው ይቀርባል፤ ለተጠቃሚውም 38911 ባይት ነጻ ቦታ እንዳለው በመስኮቱ ላይ ያሳውቃል። አንድ ተማሪ የመሣሪያውን አሠራር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያውቀው መቻሉ ዛሬም ለትምህርት ተፈላጊ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ቤዚክ ለሥዕልና ለድምፅ የተለየ ትእዛዝ የለውም። መሣሪያው 16 ቀለማትንና 3 የድምፅ መስመሮችን የያዘ ቢሆንም፣ ተማሪው እነዚህን ለማዘዝ «ፖክ» በተባለው ትእዛዝ አማካይነት በታወቀ አድራሻ ላይ ቁጥር ማኖር ይጠበቅበታል። አድራሻዎቹም በማሰብ ብቻ የሚደረስባቸው አይደሉም፤ ከመጽሐፍ ይፈለጋሉ።

፪. የተሳሳተ መጽሐፍ የሚያደርሰው ጉዳት

በኮሞዶር 64 የመስኮቱን ጠርዝ ጥቁር ለማድረግ በአድራሻ 53280 ላይ 0 ይኖራል። በዚያው ኩባንያ ቀደም ብሎ በተሠራው ቪክ 20 ግን የጠርዙንም የመደቡንም ቀለም የሚወስነው አድራሻ 36879 ነው። የቪክ 20ን መጽሐፍ ይዞ በኮሞዶር 64 ላይ የሚሠራ ተማሪ ትእዛዙን በትክክል ይጽፋል፤ መሣሪያውም ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ቀለሙ አይለወጥም፣ የስሕተት መልእክትም አይወጣም። ተማሪው ጉድለቱ ከመጽሐፉ መሆኑን ስለማያውቅ በራሱ ችሎታ ላይ ይፈርዳል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ባልሆነ አድራሻ የተቀመጠ ቁጥር መሣሪያውን ያቆመዋል፤ ሳይቀመጥ የቀረ የሰዓታት ሥራም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በመጽሐፍ ምርጫ የሚባክነው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተማሪው ተስፋም ነው።

፫. አራት ዓይነት መጻሕፍትና ቅደም ተከተላቸው

በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ሳይለዩ ወደ ቅኔ እንደማይገባ ሁሉ፣ በዚህም ሙያ መጻሕፍቱ ተራ አላቸው።

ሀ) የተጠቃሚው መመሪያ፦ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚመጣ ሲሆን፣ አገጣጠሙንና የቤዚክን መጀመሪያ ያስተምራል።

ለ) የፕሮግራም ጸሐፊው ማጣቀሻ፦ ኮሞዶር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው ነው። የቤዚክን ትእዛዛት በተራ ይዘረዝራል፤ ሥዕልን፣ ድምፅንና የማሽን ቋንቋን ያብራራል፤ በመጨረሻውም የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ ንድፍ ይዟል።

ሐ) የማኅደረ ትውስታ ካርታ፦ ሼልደን ሊመን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው መጽሐፍ አድራሻዎቹን በቁጥራቸው ተራ እየጠራ የእያንዳንዱን ተግባር ይገልጻል። እንደ መዝገበ ቃላት ሲፈለግ የሚገለጥ እንጂ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ አይደለም።

መ) የማሽን ቋንቋ መማሪያ፦ የጂም በተርፊልድ መጽሐፍ ለዚህ ይጠቀሳል። ቤዚክን በሚገባ ላወቀ ተማሪ እንጂ ለጀማሪ አይሰጥም። የዚህ መሣሪያ ፕሮሰሰር 6510 ስለሆነ፣ ዜድ 80 በተባለው ፕሮሰሰር ለሚሠራው ለዜድኤክስ ስፔክትረም የተጻፈ የማሽን ቋንቋ መጽሐፍ አይጠቅመውም።

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነና የተጠቃሚው መመሪያ በእጅ ካለ፣ ሁለተኛውን እንድታስቀድሙ እንመክራለን።

፬. ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

በመጀመሪያ የመሣሪያው ስም በሽፋኑ ላይ በግልጽ መጻፉን እንመልከት፤ «ለቤት ኮምፒውተሮች ሁሉ» የሚል መጽሐፍ አድራሻዎቹን ሊተው ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ በመጨረሻው ገጾች የቃላት ጠቋሚ መኖሩን እናረጋግጥ፤ 53280ን ፈልገን በጥቂት ደቂቃ ካላገኘን ተማሪውም አያገኘውም። በሦስተኛ ደረጃ ምሳሌዎቹ አጫጭርና ኅትመታቸው የሚነበብ መሆኑን እንይ፤ በደበዘዘ ወረቀት 8 ከ3 የማይለይ ከሆነ ፕሮግራሙ አይሠራም። ያገለገለ መጽሐፍ ሲገዛም የጎደለ ገጽ እንዳይኖረው ይቈጠር። የብዙዎቹ ቅጂ በኢንተርኔት አርካይቭ ስለሚገኝ አስቀድሞ አገላብጦ ማየት ይቻላል።

ማጠቃለያ

መልካም ማጣቀሻ ለተማሪው መሣሪያ የተጻፈ፣ ተማሪው ለደረሰበት ደረጃ የሚስማማና የተፈለገው ነገር ፈጥኖ የሚገኝበት ነው። ኮሚቴዎች ይህን ሚዛን ለሌላም ሙያ መጽሐፍ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በክፍላችን ካሉት የሙያ መጻሕፍት መካከል በእጃችን ላለው መሣሪያ በትክክል የተጻፉት የትኞቹ ናቸው?
2. መጽሐፍ በስጦታ ሲመጣ ለተማሪ ከመሰጠቱ በፊት የሚመረምረው ማን ነው?