የበርበሬ ችግኝ መታፈን የለበትም

የማረቆ በርበሬ በመላ አገራችን የታወቀ ነው። ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከቆሼ አካባቢ፣ ከማረቆ ነው። ግን ችግኙ ገና በመደብ ላይ እንዳለ ካለቀ የገበሬው የዓመት ገንዘብ አብሮ ይሄዳል።

ዘሩ ለመብቀል ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ መደቡን ደረቅ ሣር እናለብሰዋለን። ይኸ ልክ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩ ወዲያው መነሣት አለበት። ከቆየ ቡቃያው ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፤ ይቀጥናል፤ ይነጣል። እርጥብ አየርም ከሣሩ ሥር ይታፈናል። ያን ጊዜ ሻጋታ መሰል በሽታ የቡቃያውን አንገት ከአፈሩ አጠገብ ያበሰብሰዋል። ማታ ቆሞ የነበረው ጧት ተጋድሞ ይገኛል። «ዓይን በላው» የሚሉ አሉ። ዓይን አይደለም፤ መታፈን ነው። ቤት ጭስ ሲሞላው በር እንከፍት የለም እንዴ?

ታዲያ ሣሩ ሲነሣ የቀትር ፀሐይ እንዳያቃጥለው ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ያለ ዳስ ሥሩለት። ጎኑ ክፍት ይሁን፤ ነፋስ ይለፍበት። በምሥራቅ በኩል ከፍ ይበል፤ የጧት ፀሐይ ይግባ። የተጠቀጠቀውን ቡቃያ አሳሱ። ውሃ በጧት አጠጡ፤ ማታ ከጠጣ ቅጠሉ እርጥብ ያድራል።

ዳሱን በአንድ ቀን አታፍርሱት። ችግኙ ከመዛወሩ 10 ቀን ያህል ቀደም ብላችሁ የዳሱን ክዳን ጥቂት በጥቂት አሳሱ፤ ውሃውንም ቀንሱ። ግንዱ ይጠነክራል፤ ፀሐይም ይለምዳል። አንድ ስንዝር፣ ማለት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ወደ ማሳ አዛውሩት።