ውሃ ለኮራል ምን ይሠራለታል?

በቀድሞ ዘመን አሞሌ ጨው በጎጃም ገበያዎች እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር። አሞሌው የሚቆረጠው ከሩቅ ነው፤ በአፋር በረሃ፣ በዳሎል አካባቢ ካለው የጨው ሜዳ። ታዲያ በበረሃ መካከል ይህ ሁሉ ጨው ከየት መጣ? መልሱ አጭር ነው፤ ቦታው ቀድሞ የቀይ ባሕር አካል ነበር። በሜዳው ዳርቻ ዛሬም የኮራል አጽም ደርቆ ይገኛል። ኮራሉ ለምን እንደ ሞተ ለማወቅ አስቀድመን እንዴት እንደሚኖር እንመልከት።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ይመስላል። ነገር ግን እንስሳ ነው። ብዙ ትንንሽ እንስሳት ተያይዘው አንድ ላይ ይኖራሉ። እያንዳንዱ አፍ አለው፤ በአፉም ዙሪያ ምግብ የሚይዝባቸው እንደ ጣት ያሉ አካሎች አሉት። ብዙዎቹ ዓይነቶች ከሥራቸው እንደ ኖራ ያለ ድንጋይ ይሠራሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ፣ አልጌ የሚባሉ ደቂቅ ፍጥረታት ይኖራሉ። እነዚህም በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ለኮራሉ ያካፍሉታል።

ኮራል ከተተከለበት አይነቃነቅም። ስለዚህ ታስሮ እንደሚቀለብ በሬ ነው። ታስሮ ለሚቀለብ በሬ ድርቆሹንና ውሃውን የሚያመጣለት፣ እበቱንም የሚጠርግለት ሰው ያስፈልገዋል። ለኮራል ይህን ሥራ የሚሠራለት የውሃ እንቅስቃሴ ነው። ውሃው ምግብና ኦክስጅን ያመጣል፤ ቆሻሻውንና በላዩ የሚያርፈውን ደለል ይወስዳል። ውሃው ከቆመ ኮራሉ በራሱ ቆሻሻ ይታፈናል።

ዛሬ በብዙ አገሮች ሰዎች ኮራልን በመስታወት ገንዳ ውስጥ ያኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የኢንዶኔዢያ ሰው፣ ከባሕር ባመጣው ድንጋይና ውሃውን በሚያንቀሳቅስ የአየር አረፋ ብቻ ኮራልን በገንዳ እንዳኖረ ጽፎ ነበር። አሁን ግን የሚበዙት በትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይጠቀማሉ። ለብዙ የኮራል ዓይነቶች ፓምፖቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ የገንዳውን ውሃ 20 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያህል ቢገፉ ይመረጣል። ገንዳው 100 ሊትር ቢይዝ 100 ሲባዛ በ20፣ በሰዓት 2,000 ሊትር መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ኃይል ብቻውን አይበቃም። ገበሬ በአውድማ ላይ ምርቱን በመንሽ እያነሣ ለነፋስ ሲሰጥ፣ ነፋሱ ከደከመ ገለባው አይለይም፤ ከበረታም ፍሬውን ይዞት ይሄዳል። የገንዳ ውሃም እንደዚሁ ነው። ፓምፑ በቀጥታ አንድ ኮራል ላይ ካነጣጠረ ሥጋውን ከአጽሙ ይልጠዋል፤ በጀርባው በኩል ግን ቆሻሻ ይከማቻል። ስለዚህ ሁለት ፓምፖችን በግራና በቀኝ አድርጎ ማፈራረቅ ወይም ውሃው ከመስታወቱ ጋር ተጋጭቶ እንዲበተን ማድረግ ይሻላል። በባሕርም ማዕበሉ ይመጣል፣ ይመለሳል እንጂ እንደ ቦይ ውሃ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይፈስም።

ምልክቱን ከኮራሉ እናነባለን። ጣቶቹ ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዙ ውሃው ልክ ነው። ወደ አንድ ጎን ከተጣበቁ ወይም ኮራሉ ተሰብስቦ ከቀረ ውሃው በርትቷል። ደለል በላዩ ካረፈ ደግሞ ውሃው ደክሟል።

መብራት ሲጠፋ ነገሩ ይከፋል። የቆመ ውሃ አየር በደንብ ስለማይስብ ኦክስጅኑ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለ፣ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ማፍሰስ ይረዳል። ትንሽ ብትመስልም ነፍስ የምታተርፍ ሥራ ናት።

አሁን ወደ አፋር እንመለስ። ከ100 ሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የባሕሩ ውሃ እስከዚያ ይደርስ ነበር። በኋላ መግቢያው ተዘጋ። አዲስ ውሃ መግባት ሲያቆም ያለው በፀሐይ ተነነ፤ ጨው ግን አይተንምና እየበዛ ሄደ። ኮራሉ ሞተ፤ ጨውም ቀረ። በመስታወት ገንዳም ውሃው ሲተን የሚቀረው ጨው ነው። ስለሆነም የጎደለውን የምንሞላው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው እንጂ በጨው ውሃ አይደለም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። እንስሳን ከቦታው አምጥቶ ያሰረ ወይም በገንዳ የዘጋ ሰው፣ ቀድሞ ተፈጥሮ ትሠራለት የነበረውን ሥራ በራሱ ትከሻ ይቀበላል። ማምጣቱም መውሰዱም የእሱ ነው።

ጥያቄዎች
1. ኮራል ታስሮ ከሚቀለብ በሬ ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
2. ገንዳው 60 ሊትር ቢይዝ፣ በሰዓት 20 ጊዜ ለማንቀሳቀስ ስንት ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል?
3. የአፋር ኮራል ለምን ሞተ? በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።