የእጅ ሙያ ክብር

ልጆች ሆይ፥ በቀድሞ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸማ የሚሸምነውን ሰው ብዙዎች ይንቁት ነበር። የናቁትም ሰዎች እርሱ በሠራው ማረሻ ያርሱ፥ እርሱ በሸመነው ሸማ ይለብሱ ነበር።

ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት በባሕር ዳር ከተማ በ1955 ዓ.ም. የሙያ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተባብሮ ያቆመው ሲሆን፥ ስሙ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተባለ። በዚያም ተማሪዎች የብረትን፥ የእንጨትን፥ የጨርቃ ጨርቅን፥ የኤሌክትሪክንና የእርሻ መኪናን ሥራ ተማሩ። ቀድሞ የተናቀው ሙያ እነሆ ከመምህር የሚማሩት ዕውቀት ሆነ።

ትምህርት ቤቱም እያደገ ሄደ፤ በ1992 ዓ.ም. በከተማው ከነበረው የመምህራን ኮሌጅ ጋር አንድ ሆኖ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

እንግዲህ በእጁ የሚሠራውን ሰው አትናቁ፤ የተቀመጣችሁበትን ወንበር የሠራው እርሱ ነውና።