«ባባ ሥራ አቁሟል፣ ነገ ትሄጃለሽ» ብትባዪ ምን ታደርጊያለሽ?

እህታችን፣ ይህ ትምህርት ደማም፣ ኾባርና አካባቢው በሰው ቤት ለምትሠሪው ላንቺ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ማታ ዕቃ አጥበሽ ስትጨርሺ መዳም ትጠራሻለች። «ባባ ሥራ አቁሟል። ከእንግዲህ ደሞዝሽን አንችልም። ነገ ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ» ትልሻለች። ጥፋት የለብሽም። ግን የሁለት ወር ደሞዝ አልተከፈለሽም፣ ቤተሰብም የምትልኪውን ይጠብቃል።

ይህ በምሥራቁ ክፍል አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ከነዳጅና ከኮንትራክተር ድርጅቶች በሚያገኘው ደሞዝ ነው። ከ2014 ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ ቀንሰዋል። በ2016 ኾባር የነበረው የሳአድ ግሩፕ ሠራተኞች ለወራት ደሞዝ ሳይከፈላቸው ቆይተዋል። ባባ ደሞዙ ሲቆም ያንቺም ይቆማል።

የማስጠንቀቂያ ሕጉ ለማን ነው?

የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ፣ ድርጅት ጊዜው ያልተገደበ ውል ያለውን የወር ደሞዝተኛ ሲያሰናብት ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቀው ያዛል። በ2017 የወጣ ውሳኔ ደግሞ የሳዑዲ ዜጎችን በብዛት የሚያሰናብት ድርጅት አስቀድሞ ለሠራተኛ ሚኒስቴር እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

የዚሁ ሕግ አንቀጽ 7 ግን የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ «60 ቀን አለኝ» ብለሽ አትተማመኚ። ባባ ያገኘው ማስጠንቀቂያ ላንቺ አይደርስም።

ይህ ማለት መብት የለሽም ማለት አይደለም። የቤት ሠራተኞች የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ አዲሱ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ሙሳነድ ላይ የተመዘገበ ውልሽም አለ። ስለ ውል ማቋረጥ የሚለውን ክፍል ካሁኑ አንብቢው፣ ወይም የሚያነብልሽ ሰው ፈልጊ።

ከመሄድሽ በፊት እጅሽ መግባት ያለበት

• ደሞዝሽ፣ እስከሠራሽበት የመጨረሻ ቀን ድረስ።
• ለአንድ አሠሪ ሳታቋርጪ 4 ዓመት ከሠራሽ የአንድ ወር ደሞዝ ተጨማሪ (የአገልግሎት ክፍያ)።
• የአውሮፕላን ቲኬት። ከደሞዝሽ መቆረጥ የለበትም።
• ፓስፖርትሽ። አሠሪ ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም።

ለምሳሌ ደሞዝሽ 1000 ሪያል ነው እንበል። 4 ዓመት ከ3 ወር ሠርተሻል፤ የ2 ወር ከ12 ቀን ደሞዝ አልተከፈለሽም። የ2 ወሩ 2000፣ የ12 ቀኑ 400፣ የአገልግሎት ክፍያው 1000 ነው። ድምሩ 3400 ሪያል ይሆናል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳዪያቸው።

«ነገ ካልሄድሽ ቪዛሽ ይቃጠላል» ቢሉሽ

እውነት አይደለም። የመጨረሻ መውጫ (ኽሩጅ ኒሃኢ) ከወጣ በኋላ ለመሄድ 60 ቀን አለ። ሂሳብ ለመጨረስ ጊዜ አለሽ ማለት ነው። 60 ቀኑን ግን እንዳታሳልፊው።

እንዲህ አድርጊ

1. ሳትጨቃጨቂ በሰላም ተናገሪ፦ «መዳም፣ ራቲብ አወል፣ ባዕደን ሰፈር» (መጀመሪያ ደሞዝ፣ ከዚያ ጉዞ)።

2. ገንዘቡን ሳትቀበዪ «ሁሉንም ተቀብያለሁ» በሚል የዓረብኛ ወረቀት ላይ አትፈርሚ፣ አሻራም አታድርጊ። ማንበብ ካልቻልሽ በስልክ ፎቶ አንሺና ለሚያነብ ሰው ላኪ።

3. ተናደሽ ከቤት አትጥፊ። ከሥራ ጠፋች ብለው (ሁሩብ) ሊያስመዘግቡብሽ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ደሞዝሽን መጠየቅ ይከብድሻል። ቢመቱሽ ወይም ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወጥተሽ ለፖሊስ አመልክቺ።

4. አንከፍልም ካሉ ወደ ሚኒስቴሩ 19911 ደውዪ። አማርኛ የሚችል ሰው እንዲያገናኙሽ ጠይቂ። ሪያድ ላለው ኤምባሲያችንም አሳውቂ። ደማም ቆንስላ ስለሌለን፣ 400 ኪሎ ሜትር ከመጓዝሽ በፊት በስልክ ጀምሪ። የላከሽን ኤጀንሲም አገር ቤት ያለ ዘመድሽ ሄዶ እንዲጠይቅ አድርጊ።

5. መሄድ ካልፈለግሽ ተናዙል ጠይቂ። አሠሪሽ ከተስማማ ዝውውሩ በሙሳነድ በኩል ያልቃል። የ3 ወር ደሞዝ ካልከፈለሽ ደግሞ ያለ እሱ ፈቃድም መዛወር የምትችዪበት መንገድ አለ።

ዛሬ ማታ

የቤቱ ወሬ ካስፈራሽ ማንም እስኪነግርሽ አትጠብቂ። የኢቃማሽን፣ የፓስፖርትሽንና የውልሽን ፎቶ አንስተሽ ለምታምኛት እህትሽ ላኪ። የትኛው ወር እንደተከፈለሽና እንዳልተከፈለሽ ጻፊ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ሁሉም አሠሪ ደሞዝ በባንክ ወይም በተፈቀደ የስልክ ሂሳብ መክፈል አለበት፤ በእጅ ከሚሰጡሽ በዚያ እንዲገባልሽ ጠይቂ። ያ መዝገብ ምስክርሽ ነው።