ተራውን ስጪው

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ የዓባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ ዐለታማ ኮረብታ ላይ የተመሠረተ የጋሞ መንደር ነው። እዚህ የሚነጋገሩት በጡረታ ላይ ያሉ የአንደኛ ደረጃ መምህርና አርባ ምንጭ ከተማ አድጋ ኦቾሎ የተዳረች ወጣት እናት ናቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነው፤ እስካሁን በደንብ አፉን አልፈታም። "እማ"፣ "ውሃ"፣ "እንካ" ይላል፤ ሌላው በጣት መጠቆም ነው። ከተማ ያለችው እህቴ "ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው፣ ጋሞኛውን አስቁሚ" ትለኛለች። አማቴ ደግሞ "ጎሜ ነው፣ ያጠፋ ሰው ስላለ የመጣ ቅጣት ነው" ይላሉ። ማንን ልስማ?

መምህሩ፦ ሁለቱንም እናየዋለን። መጀመሪያ ስለ ልጁ ንገሪኝ። "ጫማህን አምጣ" ስትዪው ያመጣል?

ወጣቷ፦ ያመጣል። አንዳንዴ ግን ሦስት ጊዜ ጠርቼው ዘወር አይልም። ጨዋታ ይዞት ነው እላለሁ።

መምህሩ፦ እሱን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ። ሲጠቁምስ? የሚፈልገውን ለማግኘት ብቻ ነው ወይስ ያየውን አንቺም እንድታዪለት ይጠቁማል?

ወጣቷ፦ ዐለቱ ላይ ሽኮኮ ካየ ቀሚሴን ይዞ ይጎትተኛል። ይጠቁምና ዞሮ ፊቴን እያየ ይስቃል።

መምህሩ፦ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ቃል ከማውጣቱ በፊት በዓይኑና በጣቱ ነው የሚያወራው። ያየውን ለሰው ማካፈል የሚፈልግ ልጅ የንግግር ፍላጎቱ አለው። አሁን ቃላቱን እንቁጠር። የነገርሽኝ የአማርኛዎቹን ብቻ ነው፤ ከአያቱ ጋር በጋሞኛ የሚላቸውስ?

ወጣቷ፦ እነሱን አልቆጠርኳቸውም። ወተት ሲፈልግ፣ ላሟን ሲጠራ፣ እምቢ ሲል በጋሞኛ ነው። ስምንት ዘጠኝ ቃል ይሆናሉ።

መምህሩ፦ ለምን አልተቆጠሩም? ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ብዙውን ጊዜ ሃምሳ ያህል ቃላት ይኖሩታል፤ "አባ ሄደ"፣ "ውሃ ስጪኝ" እያለ ሁለት ቃል ማገጣጠምም ይጀምራል። በሁለት ቋንቋ በሚያድግ ልጅ ላይ ይህ ቁጥር የሁለቱም ድምር ነው። በአንዱ ብቻ ብትመዝኚው ሁልጊዜ የጎደለ ይመስልሻል። ያንቺ ልጅ ተደምሮም ቢሆን ከሃምሳ በታች ነው፤ ስለዚህ ስጋትሽ ከንቱ አይደለም። ምክንያቱ ግን ጋሞኛው አይደለም። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከንግግር እንደማያዘገይ በየአገሩ ተጠንቷል። ሁለቱን ቀላቅሎ ቢናገርም አትደንግጪ፤ ያለውን ሁሉ እየተጠቀመ ነው። አርባ ምንጭ ገበያ የሚውሉትን ልጆች ተመልከቺ፤ በጋሞኛ ተጣርተው፣ በአማርኛ ተከራክረው፣ ወላይታ ሲመጣ በወላይትኛ የሚመልሱ አሉ።

ወጣቷ፦ ለጊዜው እንኳ ጋሞኛውን ብናቆመው አይቀለውም?

መምህሩ፦ አንቺ ገበያ ስትወጪ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ነው የሚውለው?

ወጣቷ፦ ከአማቴ ጋር። ጥጥ ሲፈትሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ይውላል።

መምህሩ፦ አማርኛቸው ምን ያህል ነው?

ወጣቷ፦ ለመሸጥ ለመግዛት ያህል።

መምህሩ፦ እንግዲህ ጋሞኛ ከተከለከሉ ልጁን በምን ያናግሩታል? ተረቱ፣ ምርቃቱ፣ ቁጣው፣ እሽሩሩው ሁሉ ያላቸው በጋሞኛ ነው። በተሰባበረ አማርኛ "ና፣ ብላ፣ ተው" ብቻ ይሉታል። ቤት ውስጥ ብዙ የሚያወራውን ሰው አፍ ዘግተሽ ልጁ እንዴት ይናገር? ሰው ልጁን የሚያናግርበት ምርጡ ቋንቋ ራሱ አሳምሮ የሚናገረው ነው። አንቺ በአማርኛሽ፣ እሳቸው በጋሞኛቸው።

ይህን በሌላ መንገድም አይቼዋለሁ። በንጉሡም በደርግም ዘመን እዚህ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠብቀው አማርኛ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲው አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን አለ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን ቀላቅሎ "ወጋጎዳ" የሚል የመማሪያ መጽሐፍ መጣ። በቤቱ ያን ቋንቋ የሚናገር አንድም ቤተሰብ አልነበረም። ወላይታ ሶዶ ላይ ሕዝብ ተቃውሞ ወጣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉም ተሰበሰበ። ልጅ ከቤቱ ይዞት በመጣው ቋንቋ ካልተጀመረለት ትምህርቱ መሬት አይዝም። አማርኛውን ሲጨምርበት ያኔ ጥሩ ነው፤ እኔም የኖርኩበት ነው።

ወጣቷ፦ ጎሜውስ ጋሼ? አማቴ ሽማግሌ ይሰብሰብ፣ ያጠፋ ካለ ይናዘዝ እያሉ ነው።

መምህሩ፦ እኔ ጎሜን የማከብር ሰው ነኝ። ሰው በሰው ላይ፣ በወሰን፣ በመሬት ላይ እንዳይበድል ጋሞን ያስተማረው እሱ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ቂም ካለ ይቅር ተባባሉ፤ ለልጁም ደግ ነው። ነገር ግን የልጅ አፍ አለመፈታት ሰው ስላጠፋ የሚመጣ ቅጣት አይደለም። ይህን ያመነ ቤተሰብ ልጁን ይደብቀዋል፣ የደበቁትን ልጅ ደግሞ የሚያናግረው የለም።

አዲስ አበባ ላይ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የሚባሉ እናት ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ለማይናገሩ ልጆችም በፊደላችን ድምፆች ላይ የቆመ፣ "አቡጊዳ ፎኔቲክስ" ያሉትን የማለማመጃ ዘዴ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ይህ እርግማን አይደለም፣ ልጆቻችሁን ከጓዳ አውጡ እያሉ በአደባባይ ሲናገሩ ኖሩ። የእሳቸውን ያህል የደፈረ ሰው በየዞኑ ቢኖረን ስንት ልጅ በወጣ ነበር።

ወጣቷ፦ የእኔስ ልጅ ኦቲዝም ይሆን?

መምህሩ፦ ያን የሚለየው ባለሙያ ነው። እኔ የምልሽ፣ ያየውን እያካፈለሽ ፊትሽን አይቶ መሳቁ ጥሩ ምልክት መሆኑን ነው። ዓመት ሞልቶት እንኳ የማይጠቁም፣ ስሙ ሲጠራ ደጋግሞ የማይዞር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያወቃቸውን ቃላት መልሶ የተወ ልጅ ካየሽ ግን፣ ያንቺም ይሁን የጎረቤት፣ ለባለሙያ ሳታሳዪ አንድ ቀን አታሳድሪው።

ወጣቷ፦ እሺ፣ እኔ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? "ወተት በል፣ ወ-ተ-ት በል" እያልኩ ቀኑን ሙሉ አስጠናዋለሁ። ጭራሽ አፉን ይዘጋል።

መምህሩ፦ ማንም ቢሆን ይዘጋል! ዱቡሻ አይተሻል?

ወጣቷ፦ ከሩቅ።

መምህሩ፦ ዱቡሻ የሚባለው የኦቾሎ ጉባኤ ከአገር ውጭም ታውቋል። ማርክ አቤሌስ የሚባል ፈረንሳዊ የማኅበረሰብ አጥኚ እዚህ ተቀምጦ አጥንቶት እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሞበታል። እዚያ አንዱ ተነሥቶ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። የተናገረው ይመለስለታል፤ ደካማ ነገር ቢናገርም ተራው አይነጠቅም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው የመለሱት ይህ የመደማመጥ ልማድ ስላሳደጋቸው ነው። ለልጅሽም የምልሽ ይህንኑ ነው፤ እንደ ዱቡሻ ሰው ተራ ስጪው።

ወጣቷ፦ ዱቡሻው እኮ የወንዶች ነው ጋሼ።

መምህሩ፦ እውነትሽን ነው፣ ሴቶችን አግልሎ ኖሯል፤ ይህ የሚያስመሰግን አይደለም። ቤትሽ ውስጥ የምትሠሪው ዱቡሻ ግን ያንቺ ነው፤ ሴት ልጅም ስትወልጂ ተራዋ እንዳይነጠቅ።

እንዴት መሰለሽ፤ ፊት ለፊትሽ አስቀምጪው፣ ዝቅ በይለት። ስታዝዪው ድምፅሽን ይሰማል፣ አፍሽንና ዓይንሽን ግን አያይም፤ ስለዚህ በቀን ውስጥ ከጀርባ ወርዶ ፊትሽን የሚያይበት ጊዜ ይኑረው። እሱ የሚያየውን እዪ። እንሰቱን እያየ ከሆነ ስለ እንሰቱ አውሪ፤ "እዚህ ተመልከት" ብለሽ ሐሳቡን አትንጠቂው። አንድ ነገር ተናገሪና ዝም በዪ። አብዛኞቻችን የምንስተው እዚህ ጋ ነው፤ ጠይቀን ወዲያው ራሳችን እንመልሳለን። ትንሽ ልጅ የሰማውን ለማብላላት፣ ቃሉን ለመፈለግ፣ አፉን ለማሰናዳት ጊዜ ይፈልጋል። በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ፤ ከዚያም በላይ ጠብቂ። ድምፅ ቢያወጣ፣ ቢጠቁም፣ ቢስቅ፣ ያ ንግግሩ ነው፤ መልሺለት።

"ውሃ" ሲል "አዎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ትፈልጋለህ" ብለሽ አንድ ቃል ጨምረሽ መልሺለት። "ዳ" ቢልሽና ዳቦ ማለቱ ከሆነ "ዳቦ በል" አትበዪው፤ "ዳቦ! እንካ ዳቦ" ብለሽ ስጪው። ትክክለኛውን ሰምቷል፣ የጠየቀውንም አግኝቷል፤ ነገ ይሞክራል። አንዳንዴ ደግሞ የሚፈልገው ነገር የት እንዳለ እያወቅሽ ሳትሰጪው ለአፍታ ጠብቂ፣ ምክንያት ይኑረው ለመናገር።

ወጣቷ፦ ሥራ ይበዛብኛል፤ ቁጭ ብዬ የማጫውትበት ጊዜ የለኝም።

መምህሩ፦ ሥራውን ሳታቆሚ ነው የምልሽ። ቆጮ ስትጋግሪ፣ ቀሰም ስታጠነጥኚ፣ ልብስ ስታጥቢ የምትሠሪውን እየነገርሽ ሥሪ። "አሁን እንገለብጠዋለን፣ ኡፍ ይሞቃል።" አባቱም የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሸማ ሲሠራ ልጁን አጠገቡ ያስቀምጠው፤ መወርወሪያው "ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ" ሲል አብሮ ይበል። ማታ ደግሞ ተረት ተረት ሲባል "የላም በረት" ማለት ይልመድ። ተረትና እንቆቅልሽ አንዱ ጠርቶ ሌላው የሚመልስባቸው በመሆናቸው ልጅ ተራ መጠበቅን ይማርባቸዋል። እኛ ቤት "ልጅ በትልቅ ሰው መሃል አይናገርም" የሚለው ግን እንዲቀር እፈልጋለሁ። ጨዋ ልጅ እናሳድግ ብለን ዝምታን አስተማርን፤ ከዚያ አንደኛ ክፍል ሲገባ "ለምን አይመልስም?" ብለን እንገረማለን። በክፍሌ ስንት እንዲህ ያለ ልጅ አልፏል።

ወጣቷ፦ ስልክስ? የልጆች መዝሙር እከፍትለታለሁ፤ ቃላት ይለምዳል ብዬ ነው።

መምህሩ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያትል ላይ ፓትሪሻ ኩልና ባልደረቦቿ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ቻይንኛ አስደመጧቸው። አንዳንዶቹን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አጫወታቸው፣ ለሌሎቹ ያው ሰው በቪዲዮ ቀረበ። ሰው ያጫወታቸው የቻይንኛውን ድምፆች ለዩ፤ ቪዲዮ ያዩት ምንም አልተማሩም። ስልክ ልጁ ሲጠቁም አያይለትም፣ ሲጠይቅ አይመልስለትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፣ ከዚያ በኋላም እስከ አራት ዓመት በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ብሏል። አንቺ ከዚያም አሳንሺው።

ወጣቷ፦ አንዲት ሴትዮ "ምላሱ ታስሯል፣ ክሩን ላስቆርጥልሽ" ብላኝ ነበር። እንጥሉም ይቆረጥ ያሉኝ አሉ።

መምህሩ፦ በፍጹም! ከምላስ ሥር ያለው ክር ማጠር አንዳንድ ድምፆችን ወይም መጥባትን ሊያስቸግር ይችላል፤ ልጅን ከነአካቴው ከመናገር ግን አያግደውም፤ ካስፈለገም ሐኪም ነው የሚያየው። የእንጥል ቆረጣ ደግሞ ስንት ሕፃን በደም መፍሰስና በቁስል አሳጥቶናል። ምላጭ ልጅሽ አፍ ውስጥ እንዳይገባ፣ ለምኜሻለሁ።

አሁን ወዳስያዝኩሽ ነገር እንመለስ። ስትጠሪው ዘወር የማይለው መቼ ነው? ታሞ ያውቃል?

ወጣቷ፦ ባለፈው ክረምት ጉንፋን ደጋግሞ ይዞት ነበር። ጆሮውም መግል አወጣ። ዘይት አሙቄ ጠብ አደረግሁለት፣ ደረቀ።

መምህሩ፦ ይኸው! ዘይት ከእንግዲህ አታድርጊበት። ልጄ፣ ሁሉን ትተሽ ከዚህ ጀምሪ። የጆሮ ሕመም ከውጭ ቢደርቅም ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ሊተው፣ ታምቡሩንም ሊበሳ ይችላል። ልጁ ጨርሶ ሳይደነቁር ግማሹን ይሰማል፤ ቅርብ ሲሆን ይሰማል፣ ሩቅ ሲሆን ያመልጠዋል፤ ሰው "ጨዋታ ይዞት ነው" ይላል። ቃሉ ተቆራርጦ ከደረሰው እንዴት አድርጎ ይድገመው? አብዛኛው በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ከኋላው ሆነሽ ብታጨበጭቢና ቢዞር "ይሰማል" ብለሽ አትተዪው፤ ጭብጨባ ከፍተኛ ድምፅ ነው፣ ቃል ግን ቀጭን ነው። ክትባቱስ?

ወጣቷ፦ ኩፍኙን ጨምሮ ሁሉንም ጨርሷል።

መምህሩ፦ ተባረኪ። ማጅራት ገትርና ኩፍኝ ስንቱን ልጅ መስማት እንዳሳጡ አልነግርሽም።

ወጣቷ፦ ባይሰማ... ጨርሶ ባይሰማስ?

መምህሩ፦ ያን ጊዜ የምልክት ቋንቋ ይማራል፤ እናንተም አብራችሁ ትማራላችሁ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምረዋል። ሆሳዕናም መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ። ልጅን የሚጎዳው ምንም ቋንቋ ሳይሰጡት ዓመታቱ ማለፋቸው ነው። ያንቺ ግን ይሰማል፤ ምን ያህል እንደሚሰማ ነው የሚታየው።

ወጣቷ፦ ሌላም አለ ጋሼ፤ ፀንሻለሁ፣ ሦስተኛ ወር ውስጥ ነኝ።

መምህሩ፦ እንኳን ደስ አለሽ! እንግዲያስ ጨውሽን እዪ። እንደኛ ባለ ደጋ እንቅርት የሚበዛው አዮዲን ከአፈሩ ታጥቦ ስለሚያልቅ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ እጥረቱ የፅንሱን አእምሮና መስማት ይጎዳል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ሕግ ወጥቷል። አዮዲን ያለው መሆኑን አይተሽ ግዢ፣ ከድነሽ አስቀምጪ፣ ወጡ ከበሰለ በኋላ ጨምሪው። በመጨረሻዎቹ ወራት ፅንሱ ድምፅሽን ይሰማል፤ አውሪው፣ ዘምሪለት።

ወጣቷ፦ ለትልቁስ መቼ ልሂድ?

መምህሩ፦ የፊታችን ሰኞ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። "ጆሮው መግል ያወጣ ነበር፣ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ሁለት ቃል አያገጣጥምም" ብለሽ እነዚህኑ ቃላት ንገሪያቸው። "ይደርስበታል፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል" ብለው ቢመልሱሽ አትመለሺ፤ የጆሮ ምርመራ ወደሚገኝበት ሆስፒታል ሪፈር ይጻፉልሽ። እስከዚያው አማትሽ በጋሞኛ፣ አንቺ በአማርኛ ማውራታችሁን ለአንድ ቀንም አታቁሙ።