የገንዳው አሸዋ ሽፋን ሲለብስ፤ ከማጠብ በፊት መለየት

በትምህርት ክፍላችን የባሕር ውሃ የዓሣ ገንዳ የሚጠብቁ አባሎቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ነጭ የነበረው አሸዋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቡናማ ወይም ቀይ ሽፋን ሲለብስ ምን ይደረግ? የሚል ነው። የብዙዎቻችን መልስ አሸዋውን አውጥቶ ማጠብ ነበር። ይህንኑ አድርገን በሦስተኛው ቀን ሁለት ዓሣዎች ሞተው አገኘን። ስለዚህ ሽፋኑ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት እንሞክራለን።

በዓይን ሲታዩ ቢመሳሰሉም አሸዋን በብዛት የሚያለብሱት ሦስት የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው። አንደኛው ዳያቶም ነው። ዛጎሉን የሚሠራው ከሲሊካ በመሆኑ ሲሊካ ያለበት ውሃ በተጨመረበት አዲስ ገንዳ ይበዛል። ቡናማ አቧራ ይመስላል፤ ሲነካ በቀላሉ ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ስለሚጠፋ ብዙ አያስጨንቅም።

ሁለተኛው ሲያኖባክቴሪያ ነው። በልማድ አልጌ ይባል እንጂ በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ ነው። ቀይ፣ ሐምራዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እንደ ቆዳ ተያይዞ ይላጣል። ጀርመናዊው ሊቅ ኤረንበርግ እ.ኤ.አ. በ1823 በሲና ቶር ወደብ ባሕሩን አቅልሞ ያየው የዚሁ ወገን የሆነውን ትሪኮደስሚየምን ነበር፤ ቀይ ባሕር ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው የሚሉም አሉ። (የጉዞ ባልደረባው ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ ሞቷል።) በገንዳ ውስጥ የሚበዛው የውሃው እንቅስቃሴ በደከመበትና የምግብ ትርፍራፊ በተጠራቀመበት ስፍራ ነው። አንዳንዱ ዓይነት ናይትሮጅንን ከአየር መውሰድ ስለሚችል ፎስፌቱን ትቶ ናይትሬቱን ብቻ መቀነስ ሜዳውን ለእርሱ መልቀቅ ይሆናል።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው ዳይኖፍላጀሌት ነው። ቡናማ ዝልግልግ ሆኖ የአየር አረፋ ያዘለ ክር ያወጣል፤ ቀን ይስፋፋል፣ ሌሊት ይሳሳል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት ከውሃው ተሟጠው ሲያልቁ ነው፤ በመሆኑም ገንዳውን አብዝቶ የሚያጸዳው ሰው ይብስበታል። መርዛማ ዓይነቶችም ስላሉት የሚበሉት ቀንድ አውጣዎች ሊሞቱ ይችላሉ። ጥርጣሬ ሲኖር ማይክሮስኮፕ ይፈርዳል፦ ዳያቶም የመስተዋት መሰል ዛጎል አለው፣ ሲያኖባክቴሪያ ክር ይመስላል፣ ዳይኖፍላጀሌት ይዋኛል።

ዓሣዎቻችን ለምን ሞቱ? አሸዋው የገንዳው ወለል ብቻ አይደለም፤ የዓሣውን ቆሻሻ፣ ማለትም አሞኒያውን፣ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች መኖሪያ ነው። እኛ ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ አውጥተን ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ አጠብነው። አሞኒያውን ስንለካው ከፍ ብሎ አገኘነው። ቀዩ ሽፋን ግን በሁለት ሳምንት ተመለሰ።

ለሲያኖባክቴሪያ የሚበጀው ሽፋኑን በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ነው። ይህም ከገንዳው ውሃ አንድ አሥረኛውን ከመለወጥ ጋር፣ በየተራ አንድ ሦስተኛውን አሸዋ ብቻ በመንካት ይደረግ። ምግብ ዓሣዎቹ ወዲያው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይሰጥ። በዚህ አገር ሙቀት የሚተነው ውሃ ብዙ ነው፤ ጨው ግን ስለማይተን የጎደለው በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ይሞላ። ገንዳውን ሦስት ቀን ማጨለምም ይረዳል፤ ሆኖም የሚሞተው ሽፋን ሲበሰብስ ኦክሲጅን ስለሚጨርስ የአየር ፓምፑ እንዳይቆም። ኤሪትሮማይሲን የሚጨምሩ አሉ። መድኃኒቱ ሽፋኑን ቢገድልም መነሻውን አይነካም፤ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም ሊጎዳ ይችላልና አንደግፈውም።

ለዳይኖፍላጀሌት መንገዱ ተቃራኒ ነው፦ ውሃ መለወጥ ይቁም፣ ናይትሬትና ፎስፌት በመጠኑ ከፍ ይበሉ። ሌሊት ወደ ውሃው ለሚወጡት ዓይነቶች የአልትራቫዮሌት መብራት ይጠቅማል፤ ከአሸዋው ለማይለቁት ግን እምብዛም አይረዳም።

የእኛው ሲያኖባክቴሪያ ነበር። ፓምፑን ወደ ጥጉ አዙረን፣ ምግቡን በግማሽ ቀንሰን አምስት ሳምንት ፈጀብን። በግራው ጥግ መዳፍ የምታህል ቀይ ነገር እስካሁን አለች።